የተጣበቀው ሪሌ

ቡታጅራ ከተማ ጋራዥ ውስጥ ሥራ በጀመርኩበት ቀን አምስት ሰዎች ነበርን። ባለቤቱ ሽኩር በሩ ላይ ቆሞ ስልክ ያወራል። መካኒኩ ነስሩ ግድግዳው ሥር ተቀምጦ ካርቡሬተር በቤንዚን ያጥባል። ጡረተኛው መምህር ጋሽ መኩሪያ አሮጌ ሞተር ሳይክላቸው ላይ ተቀምጠዋል። ባለቤታቸው ወይዘሮ አስካለ ከኋላቸው ቆመዋል። እኔ ከባትሪው በኩል ተንበርክኬአለሁ።

ለሙያው አዲስ አልነበርኩም። ወልቂጤ ብዙ ዓመት የመኪናና የሞተር ኤሌክትሪክ ሠርቻለሁ። ለጋራዡ ግን አዲስ ነበርኩ፤ ሥራውም ያስፈልገኝ ነበር።

«ማስነሻውን ስጫነው ቀጭ ይልና ዝም ይላል» አሉ ጋሽ መኩሪያ። «ሪሌውን በመፍቻ እጀታ መታ ሳደርገው ይነሳል።»

«ማን አሳየዎት?»

«ይህን የማያውቅ ማን አለ?»

እውነታቸውን ነው፤ ሁሉም እንደዚያ ያደርጋል። ሪሌ የባትሪውን ኃይል ወደ ሞተሪኖው የሚያሳልፍ ማብሪያ ነው፤ ሞተሪኖው ደግሞ ሞተሩን አዙሮ ያስነሳል። ባትሪውን ለካሁ፤ ደህና ነው። የገመዶቹን ብሎኖች አጠበቅሁ። እንዲጫኑት ነገርኳቸው። ቀጭ አለ። ሳልከለክላቸው ሪሌውን መቱት።

ሞተሪኖው መዞር ጀመረ፤ ሞተሩ ግን አልተነሳም። ጋሽ መኩሪያ ጣታቸውን አነሱ። መዞሩን አላቆመም። ቁልፉን ነቀሉ። አሁንም አላቆመም።

«ያጥፉት እንጂ» አለ ሽኩር ከበሩ።

«ቁልፉ እጄ ላይ ነው።»

ከወፍራሙ ገመድ ጭስ ወጣ። ነስሩ የቤንዚኑን ሳህን ይዞ ተነሳና ባለበት ደረቀ። ሳህኑ አዘንብሎ ቤንዚኑ መሬት ላይ ይፈሳል።

«ነስሩ፣ እሱን ይዘህ ውጣ» አልኩት። ወጣ።

የባትሪውን ኔጌቲቭ መፍታት ጀመርኩ። በፖዘቲቩ ቢጀመር መፍቻው የሞተሩን ብረት ሲነካ እሳት ይረጫል። መፍቻው አዳለጠኝ። እንደገና ያዝኩት። ገመዱን ስነቅለው ሁሉም ጸጥ አለ።

መጀመሪያ የሳቀው ሽኩር ነው። «ወላሂ እትዬ ብርሃኔ፣ ገና በመጀመሪያ ቀንዎ ሊያቃጥሉን ነበር።»

ሪሌውን ፈትቼ ከፈትኩት። ውስጡ ያሉት ሁለት መገናኛዎች ተቃጥለው ተጣብቀዋል።

«ይፋቁትና ይግጠሙት» አለ ሽኩር። «አዲሱ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሳምንት ነው። ጋሼ ዛሬ ከቆሼ ከተማ ወዲያ ለቅሶ አለባቸው።»

«መንገድ ላይ ቢጣበቅስ?»

«ይመቱታላ።»

«በእግር እንዳላስነሳው ጉልበቴ እምቢ አለኝ» አሉ ጋሽ መኩሪያ። «ግጠሚልኝ። ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ።»

«ባትሪው ያለው ከኋላው መቀመጫ ሥር ነው» አልኩ። «እዚያ ላይ የሚቀመጡት ባለቤትዎ ናቸው።»

ወይዘሮ አስካለ ወደ መቀመጫው ተጠጉ። «ባለፈው ጭስ ሸተተኝ። ጎማ ነው አለኝ።»

«ጎማ ነበር» አሉ ባላቸው።

«ጭን የሚያቃጥል ጎማ አይቼ አላውቅም።»

ሽኩር ወደ ጥግ ወሰደኝ። «እትዬ፣ ደንበኛ አያስቀይሙብኝ። እርስዎ ካልገጠሙት ነስሩ ይገጥመዋል።» በንግግሩ ክፋት አልነበረም። ነስሩም የታዘዘውን ይሠራል።

ፈራሁ። ሥራውን ማጣት ፈራሁ። ወልቂጤ እያለሁ ግን ሪሌው ተፍቆ የተገጠመለት ባጃጅ ሲቃጠል አይቻለሁ። ሹፌሩ ወዲያው ዘሎ ወረደ። ተሳፋሪዋ ዘገየች።

አንዴ ተጣብቆ የተፋቀ ሪሌ ደግሞ ይጣበቃል። መቼና የት እንደሆነ አይታወቅም። መጣል አለበት።

ወደ ጠረጴዛው ተመልሼ መገናኛዎቹን በፒንሳ ጠመዘዝኳቸው። ተሰበሩ፤ አሁን ነስሩም ሊገጥመው አይችልም። ስብርባሪውን ጋሽ መኩሪያ ፊት አስቀመጥኩት።

«ምን አደረጉ?» አለ ሽኩር።

ጋሽ መኩሪያ ፊታቸው ተለዋወጠ። ወይዘሮ አስካለ ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ቆሼ የሚሄደው ሚኒባስ ከየት እንደሚነሳ በሩ ላይ የቆመውን ነስሩን ጠየቁት።

ሽኩር እስኪያባርረኝ ሳልጠብቅ መፍቻዎቼን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ።