ተማሪ ሰባት

አዳማ መናኸሪያ ከሚኒባስ ስንወርድ ፍተሻ ነበር። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው። ቅዳሜና እሁድ ለማስተርሴ ስለምማር በየሳምንቱ ከባቱ የምመጣው በዚያ ሰዓት ነበር። ፈታሹ ቦርሳዬን በርብሮ ሲጨርስ ስልኬን ጠየቀኝ። ከፍቼ ሰጠሁት። ፎቶዎቹን ቶሎ ቶሎ አሳለፋቸው። የድምፅ ቅጂዎቹ ጋ ሲደርስ አንዱን ነካው። ሳቅ፣ ጭብጨባ፣ የዴስክ ድብደባ ወጣ፤ ቀጥሎ አንዲት ልጅ በእንግሊዝኛ ስለ መንግሥት ስትናገር ተሰማ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ክፍል ውስጥ የቀዳሁት ነው። የመመረቂያ ጥናቴ ነው።»

«የምን ጥናት?»

«እንግሊዝኛ ስለ ማስተማር።»

ስልኬን ኪሱ ከተተው። «ለአንድ ደቂቃ ብቻ ነው» አለኝ። ያቺ ደቂቃ እስከ ረቡዕ ቆየች።

የሴቶቹ ክፍል ከጣቢያው ግቢ በስተጀርባ ነበር። የሲሚንቶ ወለል፣ ዝቅ ያለ ቆርቆሮ፣ ጥግ ላይ አፉ በፌስታል የታሰረ ቢጫ ጀሪካን። የአዳማ ሙቀት ቆርቆሮው ላይ አርፎ ወደ ታች ይተነፍስ ነበር። ከግድግዳው ማዶ ባጃጆች ይሄዳሉ፤ ረዳቶች ይጣራሉ። ሰው እዚያው አጠገቤ ሻይ እየጠጣ ነው ብዬ ማሰቡ ነበር የሚከብደኝ።

ውስጥ አንዲት ሴት ብቻ ነበሩ፤ የአርሲ ነገሌ እህል ነጋዴ። ዕድሜያቸው ከእናቴ ይበልጣል። ምንጣፋቸውን ለሁለት እንዲበቃ አግድም አዞሩትና «ነይ፣ እዚህ ሁኚ» አሉኝ። ልጃቸው ይፈለጋል። እሱ ስለጠፋ እሳቸውን ይዘዋቸዋል።

«አንቺስ ምን አደረግሽ?»

«አስተማሪ ነኝ፣ እማማ።»

«እሱማ ወንጀል አይደለም» አሉ። ከዚያ ትንሽ አሰቡና «ወይስ ሆነ?» ብለው ጠየቁኝ። ከተያዝኩ በኋላ መጀመሪያ የሳቅኩት ያኔ ነው።

ጥናቴ ቀላል ነበር። ሰዋስው ጠንቅቀው የሚያውቁ ተማሪዎች ክፍል ውስጥ ለምን አፋቸውን አይከፍቱም? የሚል ነው። አንድ ቀን «እኔ መንግሥት ብሆን ኖሮ» ብላችሁ ጀምሩና ዓረፍተ ነገሩን ጨርሱ አልኳቸው። ያን ቀን ተናገሩ። አንዱ ትምህርት ቤት እሠራ ነበር አለ፤ ሌላው ለሐይቁ ዓሣ አጥማጆች ጀልባ እገዛ ነበር አለ። ዓመቱን ሙሉ ድምጿን ሰምቼው የማላውቅ አንዲት ልጅ ተነሥታ «የታሰሩትን ሁሉ እፈታ ነበር፤ ማን እንዳሰራቸውም እጠይቅ ነበር» አለች። ሰዋስዋ እንከን አልነበረበትም። ክፍሉ አጨበጨበላት፤ እኔም አጨበጨብኩ።

ድምፃቸውን ከመቅዳቴ በፊት ቃል ገብቼላቸው ነበር፦ ስማችሁ አይጻፍም፤ የማን ድምፅ እንደሆነ ከእኔ በቀር ማንም አያውቅም። ከቦርሳዬ ባገኙት የጥናቱ ረቂቅ ላይ ተማሪ አንድ፣ ተማሪ ሁለት እያልኩ ነው የጻፍኩት። እሷ ተማሪ ሰባት ናት።

መርማሪው እኩያዬ ይመስላል። አልጮኸብኝም። ቅጂውን ደጋግሞ ካዳመጠ በኋላ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ደፋው።

«ተማሪ ሰባት ማን ናት?»

«ስለ ራሴ የፈለጉትን ይጠይቁኝ። ስለ ተማሪዎቼ ግን ስማችሁን አልናገርም ብያቸዋለሁ።»

«ለእኔ ነው እንዴ አልናገርም ያልሻቸው?»

«ለማንም።»

«ይሄን ዓረፍተ ነገር ማን ነገራት? አንቺ ነሽ?»

«መጀመሪያውን የሰጠኋት እኔ ነኝ። መጨረሻው የራሷ ነው።»

ቅዳሜ ጠየቀኝ፤ እሁድም ጠራኝ። ሰኞ ውሃ አስመጣልኝና ቀስ ብሎ «ስሟን ብቻ ንገሪኝና ወደ ትምህርትሽ ሂጂ» አለኝ። ስሟ አፌ ውስጥ ነበር። አጭር ስም ነው፤ ሳል ሲመጣብኝ እንኳ አብሮ እንዳይወጣ እፈራ ነበር። ዝም አልኩ። ያን ጊዜ ዝምታዬ የጀግና አልነበረም። አፌን ብከፍት ምን እንደሚወጣ አላውቅም ነበር።

ስመለስ ሴትዮዋ ከቤታቸው የመጣላቸውን ጩኮ አቀረቡልኝ። በቅቤ የታሸው የገብስ ሽታ ክፍሉን ሞልቶታል።

«ነገርሻቸው?»

«አልነገርኩም።»

«እኔስ ልጄ የት እንዳለ በእውነት አላውቅም። የማያውቅ ሰው ምን ይወጣዋል? ያንቺ ነው የሚከብደው።» አንድ ጉርሻ አጎረሱኝ። «ብዪ። ባዶ ሆድ ወሬ አይችልም።»

በላሁ። ከዚያ ምን እንደምማር ጠየቁኝና እስኪመሽ ነገርኳቸው። ስለ ዝምተኛ ተማሪዎቼና ስለዚያች ልጅ ስነግራቸው ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ። «ታዲያ ገና አፏን ከከፈተች በኋላ ስሟን ሰጥተሽ ዝም ልታሰኚያት ነው?» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ አፌን መክፈት እንደዚያ አላስፈራኝም።

ረቡዕ ጠዋት መርማሪው አንድ ወረቀት ገፋልኝ። የትምህርት ቤታችን ርእሰ መምህር ዋስ ሊሆኑኝ ከባቱ መጥተዋል፤ ቃሌ ላይ ከፈረምኩ እወጣለሁ። አነበብኩት። «ተናጋሪዋን ተማሪ እንደማታውቃት ገልጻለች» ይላል።

እስክሪብቶውን አነሣሁ። መልሼ አስቀመጥኩት።

«ይሄን አላልኩም።»

ቀና ብሎ አየኝ። «ላንቺ እንዲሻል ብዬ ነው።»

«አመሰግናለሁ። ግን ያልኩት አውቃታለሁ፣ አልናገርም ነው።»

በሩ ክፍት ነበርና ዋሴ አግዳሚ ወንበር ላይ ቆባቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሲጠብቁ ይታዩኛል። ተመልሼ ወደዚያ ቆርቆሮ ሥር የምገባ መሰለኝ። መርማሪው ተነፈሰ፤ ዓረፍተ ነገሩን ሰረዘና ከላዩ ጻፈ። «አውቃታለሁ፤ ስሟን ግን አልናገርም ብላለች።»

«አሁንስ ልክ ነው፣ መምህርት?»

«ልክ ነው» አልኩና ፈረምኩ።

ልብሴን ስሰበስብ ሴትዮዋ ነጠላዬን አራግፈው ትከሻዬ ላይ አደረጉልኝ። «ነጋ ታኢ፣ ልጄ» አሉኝ፤ ደህና ሁኚ ማለታቸው ነው። እሳቸውም ከሳምንታት በኋላ መፈታታቸውን ሰማሁ። ልጃቸውም በሕይወት አለ።

ጥናቴን ዘግይቼም ቢሆን ጨረስኩ። ልጅቷን ማንም ጠርቶ አልጠየቃትም። ትምህርቷን ጨርሳ አሁን ባቱ ውስጥ አንድ መድኃኒት ቤት ትሠራለች፤ ስንገናኝ «ቲቸር፣ ጠፋሽ» ትለኛለች። አልነገርኳትም። ምን ብዬ እጀምራለሁ?

ስለዚያ ሳምንት የሚጠይቁኝ ሰዎች ቁጣ ይጠብቃሉ። ቁጣው የለም ማለቴ አይደለም። ግን ከሁሉም በላይ የሚሰማኝ እፎይታ ነው። እኔ ከመርማሪው ይልቅ የፈራሁት ራሴን ነበር፤ ከዚያ በፊት ተፈትኜ ስለማላውቅ ምን ዓይነት ሰው እንደሆንኩ አላውቅም ነበር። አሁን በመጠኑ አውቃለሁ። በእኔ ምክንያት በዚያ በር የገባ ሰው የለም።