ከበር ውጭ የምታስቀድሰው ልዕልቲ

ልዕልቲ አንድ ቦታ አትረጋም። ትነሳለች፣ በሩን ታያለች፣ ቦርሳዋን ታነሳለች፣ መልሳ ታስቀምጣለች። ጣሊያን አገር፣ ቶር ፒኛታራ የሚባል ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይተን አብረን ስንኖር ዘጠኝ ዓመታችን ነው፤ እኔ ቢሮ አጸዳለሁ፣ እሷ ባዳንቴ ናት፣ የጣሊያን አዛውንት ትጦራለች። ከቤታችን እስከ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ሽንት ቤቱን የማይከለክለው የትኛው ባር እንደሆነ በቃሏ ታውቃለች። ትልቁ አንጀቷ ቆስሎ ይደማል። ሐኪሞቹ ኮሊቴ ይሉታል። በቀን አሥር ጊዜ፣ ሲብስም አሥራ አምስት ጊዜ ያስሮጣታል።

እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን አብረን እንሄዳለን። እኔ እገባለሁ፣ እሷ ከበሩ ውጭ ቆማ ታስቀድሳለች። ለምን ስላት፣ «ውስጡ ያፍነኛል» ትለኝ ነበር። እኔ ሞኟም አመንኳት።

መጋቢት ላይ ቀዶ ሐኪሟ ዶክተር ዳኒኤላ ጠራቻት፣ አብሬያት ገባሁ። መድኃኒቱ ሁሉ ተሞክሮ አልሠራም፤ ከአንጀቷ የተወሰደው ናሙና ደግሞ ወደ ካንሰር ማምራት የጀመረ ነገር አሳይቷል። «ትልቁ አንጀት ሳይዘገይ መውጣት አለበት» አለች ዶክተሯ። ከዚያ በኋላ ምርጫው ሁለት ነው። አንደኛው፣ ሆድ ላይ ሳኬቶ የሚሉት የላስቲክ ከረጢት ይለጠፋል፣ ሰገራው ዕድሜ ልክ በዚያ ይወጣል። ሁለተኛው፣ ከትንሹ አንጀት ውስጥ ለውስጥ ከረጢት ተሠርቶ ከታች ይያያዛል፤ ሳኬቶው ቁስሉ እስኪድን ለጥቂት ወራት ብቻ ነው። ግን ሁለት ሦስት ጊዜ ኦፕራሲዮን መግባት አለ፣ አዲሱ ከረጢት አንዳንዴ ሊቆጣ ይችላል፣ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ሽንት ቤት መሄድም አይቀርም።

ልዕልቲ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች። «በሁለቱም ሳኬቶ አለ?»

«አለ።»

«አሎራ፣ እንግዲያው ላስብበት» ብላ ብድግ አለች።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ተንቆራጠጠች። ሆስፒታሉ ሲደውል ስልኩን በፊቱ ትደፋዋለች። እኔ ደግሞ ነገር ሲንዛዛ አልወድም፣ ተቃጠልኩ። «ዕድሜሽን የሰው ዳይፐር ስትቀይሪ ኖረሽ አንድ ከረጢት አስፈራሽ?» ብዬ ጮኽኩባት።

ያኔ አወጣችው። «ደም እየፈሰሰኝ ቤተ መቅደስ አልገባም ብዬ ነው ስድስት ዓመት ውጭ የቆምኩት። ስድን እገባለሁ፣ እቆርባለሁ እያልኩ። አሁን ሰገራ ሆዴ ላይ ለጥፌ ማን ያስገባኛል?»

«የንስሐ አባትሽን ጠይቂያቸዋ።»

«አይሆንም ካሉኝስ? ካልጠየቅኳቸው ተስፋ አለኝ።»

ብሽቀቴ ግን አልለቀቀኝም። እሁድ ቅዳሴ እንዳለቀ ክንዷን ይዤ አባ ተኽለሃይማኖት ዘንድ አቆምኳት። የንስሐ አባቷ ናቸው፣ ይህን ግን ከሳቸውም ደብቃ ነው የኖረችው። መሬት መሬት እያየች ነገረቻቸው።

«ሕመም እኮ ነው ልጄ፣ ኃጢአት መች ሆነ?» አሉ። «ታከሚ። ሳኬቶሽን በልብስሽ ሸፍነሽ ትገቢያለሽ፣ ትቆርቢያለሽም።» ከዚያ ትክ ብለው አዩዋት። «ለመሆኑ እስከ ዛሬ አትግቢ ያለሽ ማን ነው?»

ልዕልቲ ከመሬት ቀና አለች። ማንም አላላትም ነበር።

«ስድስት ፋሲካ» አለች ቀስ ብላ። ስቅስቅ ብላ ስታለቅስ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው። እንባዋን እንኳ ሳትጠርግ ስልኳን አውጥታ እጄ ላይ አኖረችው።

«ዛሬ እሁድ ነው፣ ዶክተሯ አትኖርም» አልኳት።

«ግድ የለም፣ ደውዪ» አለችኝ።