ካፒታኑ ዛሬ የት ናቸው?

እዚህ ጣሊያን አገር የማስታምማቸው እመቤት፣ ሲኞራ፣ ዘጠና አምስት ዓመታቸው ነው። ጠዋት ትራሳቸውን ከፍ ሳደርግላቸው የሚጠይቁኝ ስለ ቁርስ አይደለም። «ፓፓ ዛሬ የት ነው?» ይሉኛል። አባታቸውን ነው። አባትየው የጣሊያን ባሕር ኃይል መኮንን ነበሩ፤ የሞቱት የእኔ እናት እንኳ ሳትወለድ ነው።

ሥራ የገባሁ ሰሞን የሲኞራ ልጅ ኮሪደሩ ላይ ከተሰቀሉት ፎቶግራፎች ሥር እያቆመ የአያቱን ታሪክ አስጠንቶኛል። በልጅነታቸው ሊቮርኖ የባሕር ኃይል ትምህርት ቤት ገቡ፤ በወጣትነታቸው እስከ ቻይና ዘለቁ፤ ከዚያ ምጽዋ፤ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት አድሪያቲክ ላይ የጦር ጀልባ አዘዙ። በኋላ ከባሕር አውርደው ቴቬሬ ወንዝ ዳር ቢሮ ሰጧቸው፤ እዚያው ወንበር ላይ አረጁ። የፋሺስቱ ዘመን ላይ ሲደርስ ልጅየው ይፈጥናል፣ እኔም አልጠይቀውም። ደክሞኛል፤ በሰው አያት ላይ የምፈርድበት ጉልበት የለኝም።

እኛ ዘንድ መርዶ እንዲህ በዋዛ አይነገርም። ዘመድ ይጠራል፣ ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ሲወድቁ የሚደግፍ ሰው ከጎን ይቆማል። ብቻዬን፣ ሻይ በእጄ ይዤ፣ ለአሮጊት ሴት «አባትዎ ሞተዋል» አልልም። ስለዚህ አባትየውን፣ ካፒታኑን፣ በወሬ ባሕር ላይ አሰማራቸዋለሁ። ሙቀት ከሆነ ምጽዋ ናቸው፤ ዝናብ ከሆነ አድሪያቲክ ላይ ማዕበል ይዟቸዋል። ሲኞራም «ቫ ቤኔ»፣ እሺ፣ ብለው ቁርሳቸውን ይበላሉ።

አንድ እሑድ ልጅየው ይህን ሲሰማ ኩሽና ጠራኝ።

«እናቴን ለምን ትዋሻታለሽ? ሐኪሙ እውነቱ ይነገራት ብሏል።»

«ዶቶሬ፣ መርዶ እኮ ሰው ሳይሰበሰብ አይነገርም» አልኩት፤ እዚህ የተማረ ሰው ሁሉ «ዶቶሬ» ነው የሚባለው።

«አሎራ፣ እንግዲያው እኔ እነግራታለሁ» አለና ገባ። «ማማ፣ አባትሽ እኮ ከሞተ ቆይቷል።»

ሲኞራ አባታቸው ዛሬ የሞቱ ያህል አለቀሱ። «ለምን ደበቃችሁኝ? ሳልቀብረው!» እያሉ። ልጅየው ግንባራቸውን ስሞ፣ ኮቱን ለብሶ ሄደ። አልቃሽም አጽናኝም ሆኜ የቀረሁት እኔ ነኝ። በልጅየው እንደተናደድኩ፣ እስኪያንቀላፉ ድረስ እጃቸውን ይዤ ተቀመጥኩ።

በማግስቱ «ፓፓ ዛሬ የት ነው?» አሉኝ። ፀሐይ ነበር። «ምጽዋ» አልኳቸው።

ከምሳ በኋላ ሲያሸልቡ አዲስ አበባ ለወንድሜ ደወልኩ። አባቴን አገናኘኝ ማለት ከጀመርኩ ሰንብቻለሁ። መጀመሪያ ተኝቷል አለኝ። ቀጥሎ ጠበል ሄዷል አለ። ዛሬ ደግሞ ገጠር ነው፣ ኔትወርክ የለም።

«እዚያ ዝናብ ነው እንዴ?» አልኩት።

«አዎ፣ ኃይለኛ ዝናብ ነው። መንገዱም ተበላሽቷል።»

ድምፁን አወቅሁት። ጠዋት ጠዋት ለሲኞራ የማወጣው ድምፅ ነው። አባዬ ሞቷል። የሲኞራ አልጋ ጠርዝ ላይ ቁጭ አልኩ።

«አጠገብሽ ሰው አለ?» አለኝ ወንድሜ ቀስ ብሎ።

እንቅልፍ የወሰዳቸውን ሲኞራ አየኋቸው። «ሰው አለ» ካልኩት መርዶውን ይነግረኛል። እኔ ደግሞ ፈራሁ።

«ማንም የለም፣ ብቻዬን ነኝ።»

«በቃ፣ አባዬ ሲመለስ ይደውልልሻል።»

«ቫ ቤኔ» አልኩት።