ከድንጋዩ ጋር የመጡት

አባቴን ከአማኑኤል ከተማ አጠገብ ካለው ቤታቸው ወደ ደብረ ማርቆስ ያመጣኋቸው እናቴ ባረፈች በዓመቱ ነው። እግራቸው አልታዘዝ ብሎ ደጃፋቸው ላይ ወድቀው ጎረቤት ነበር ያነሣቸው። ብቻቸውን ወድቀው እንዲቀሩ ስላልፈለግሁ፣ ከእንግዲህ እኔ ዘንድ ይኖራሉ አልሁ። እሳቸው ግን በየሳምንቱ «መቼ ነው የምትመልሽኝ?» ይሉኛል። ከተማ ውስጥ ለእሳቸው የሚሆን ሥራ አልነበረም፤ ሥራ የሌለበት ቤት ደግሞ ለአባቴ እስር ቤት ነው። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ሄደው እንዳላጣቸው እፈራ ነበር።

እሳቸውን ያቆየልኝ የወንድሜ ስጦታ ነው። ወንድሜ በጅቡቲ መስመር የጭነት መኪና ይነዳል። አንድ ጊዜ የመስታወት ገንዳ፣ በጀሪካን የባሕር ውኃ፣ ጣት የሚያካክሉ ሁለት ዓሦችና ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነ ድንጋይ ጭኖ መጣ። የባዮሎጂ መምህርት ስለሆንሁ ደስ ይላታል ብሎ ነው። እኔ ግን ተቆጣሁት፤ በዚህ ብርድ አገር ማሞቂያና የአየር መንፊያ የሚፈልግ ነገር ማን ይጠብቃል? አባቴ በርጩማቸውን አስጠጉና ገንዳው ፊት ተቀመጡ።

በሰፈራችን መብራት ቶሎ ቶሎ ይጠፋል። ሲጠፋ አየር የሚነፋው ሞተር ይቆማል። ያን ጊዜ አባቴ ውኃውን በጣሳ እየቀዱ፣ አየር እንዲገባበት ከፍ አድርገው መልሰው ያንቆረቁሩታል። ያሳየኋቸው አንድ ቀን ብቻ ነው። ማታ ስገባ፣ «ዛሬ ከረፋድ እስከ ስምንት ሰዓት ጠፍቶ ነበር፤ ከብቶቹ ደኅና ናቸው» ይሉኛል። ከብቶቹ የሚሏቸው ዓሦቹን ነው። «መቼ ነው የምትመልሽኝ» ማለትም ቀረ።

በሁለተኛው ወር ከድንጋዩ ቀዳዳዎች ያልጠራናቸው እንግዶች ይወጡ ጀመር። መጀመሪያ ያዩት አባቴ ናቸው። ብቅ ብሎ እንደ ጭራ የሚበተን፣ ጣት ሲያስጠጉበት ጥልቅ የሚል ነገር ነበር። ቀጥሎ ምስር የምታህል ቀንድ አውጣ መጣች። ከዚያ መስታወቱ ላይ የተለጠፈ፣ እግሮቹ አምስት ይሁኑ ስድስት ሁለት ቀን ያከራከረን ኮከብ መሳይ ፍጡር። እኔ ፎቶ አንሥቼ ስልኬ ላይ ካሉ ፎቶዎች ጋር አስተያያለሁ። አባቴ ደግሞ ምን እንደሚበላ፣ በስንት ሰዓት እንደሚወጣ፣ ዓሦቹ ሲያዩት ይሸሹ እንደሆነ ይነግሩኛል። ባለ ጭራው ትል መሆኑን፣ በጭራውም ከውኃ ውስጥ ምግቡን እንደሚያጣራ ሳነብላቸው፣ «ኧረ ይህን ማን ያምናል!» አሉና ሳቁ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ሲስቁ ያየሁት ያኔ ነው። ከአባቴ ጋር በዕድሜዬ ያን ያህል አውርቼ አላውቅም።

ሰኔ ገባ፤ ዝናቡም ፈተናውም አብረው መጡ። አንድ ቀን ከሰዓት ቤት ስደርስ አባቴ ቆመው ጠበቁኝ።

«አንች፣ አልቅት ገብቷል» አሉኝ።

ድንጋዩ ሥር ቀላ ያለ፣ ግራና ቀኙ ጠጉር ያለው ረዘም ያለ ትል ይሳባል። ፎቶ አነሣሁት፤ ምንነቱን ለማወቅም አልቸገረኝም። የተረፈ ምግብና የሞተ ነገር እየበላ ገንዳውን የሚያጸዳ፣ ለዓሣ ጉዳት የሌለው ትል ነው። ይህን ካወቅሁ በኋላ ስልኬን አስቀምጬ ወደ ፈተና ወረቀቶቼ ተመለስሁ።

በማግስቱ «ምንድን ነው አልሽው?» አሉኝ። «ምንም አይደል፣ አባባ» አልሁ። በሌላ ቀን አንደኛው ዓሣ መብላት መቀነሱን፣ ትሉም ከአካባቢው እንደማይጠፋ ነገሩኝ። «ደሙን እየመጠጠው ቢሆንስ?» አሉ። «አይደለም አልሁ እኮ! ሥራ አለብኝ» አልኋቸው። ሦስተኛ ሲጠይቁኝ ቀና ብዬም አላየኋቸው። ቀኑን ሙሉ የሌላ ሰው ልጆች የሚጠይቁኝን ስመልስ እውልና፣ ቤቴ ስገባ ለአንዲት ጥያቄ የሚሆን ትዕግሥት አጣለሁ። ይህን የምጽፈው ለማመካኛ አይደለም።

በአገራችን ላም አልቅት በአፍንጫዋ ሲገባባት መድኃኒቱ የታወቀ ነው። የትምባሆ ቅጠል በውኃ ተበጥብጦ በአፍንጫዋ ይፈስሳል፤ አልቅቱም ይለቃል። አባቴ ቅዳሜ በዚያ እግራቸው ገበያ ወጡ። ትምባሆን እንደ ነውር የሚያዩ፣ የሚያጨስ ሰው አጠገብ እንኳ የማይቀመጡ ሰው፣ ቅጠሉን ገዝተው ማንም እንዳያይባቸው በጋቢያቸው ሸሽገው አመጡት። ሰኞ እኔ ትምህርት ቤት ሳለሁ በጠበጡት፤ በነጠላ አጠለሉት፤ ድንጋዩ ሥር ቀስ አድርገው አፈሰሱት።

ስገባ መብራት አለ፤ ሞተሩም ይሠራል። ቢሆንም አባቴ በጣሳ ውኃውን እየቀዱ ያንቆረቁራሉ። ዓሦቹ በጎናቸው ተንሳፍፈዋል። ባለ ጭራው ግማሽ አካሉ ከቀዳዳው ወጥቶ ተዝለፍልፏል። ኮከቡ ከመስታወቱ ወድቋል፤ ቀዩም ትል አብሯቸው ሞቷል።

ምን እንዳደረጉ ስጠይቃቸው አንድም ሳይደብቁ ነገሩኝ። ጮኽሁባቸው።

«ይሄ ላም ነው እንዴ? የማያውቁትን ነገር ለምን ይነካሉ? አልቅት አይደለም! ገንዳውን የሚያጸዳው እሱ ነበር!»

አባቴ ጣሳውን መሬት ላይ አስቀመጡ።

«ታውቂው ነበር?» አሉ።

«አዎ! ካሳዩኝ ቀን ጀምሮ!» አልሁ። ከንዴቴ የተነሣ ምን እንደተናገርሁ ወዲያው አልገባኝም። ሲገባኝ አፈርሁ፤ ይቅርታ ግን ያን ማታ አልጠየቅኋቸውም።

ጠዋት ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ዱላቸውን ይዘው ሳሎን ተቀምጠው አገኘኋቸው። እግራቸው ላይ ወደቅሁ። «ይቅር ብየሻለሁ» አሉና አነሡኝ፤ መሄዱን ግን አልተዉትም። መናኸሪያ አድርሼ በአማኑኤል በሚያልፍ ሚኒባስ ውስጥ መስኮቱ አጠገብ አስቀመጥኋቸው። ወንድሜ ሌላ ዓሣ እንደሚያመጣ፣ ሌላ ድንጋይም እንደምናገኝ በመስኮቱ በኩል ነገርኋቸው። አባቴ ሰምተው እስክጨርስ ጠበቁና እጄን ያዙኝ።

«ልጀ፣ ትንሽ ሳለሽ ከኋላየ እየተከተልሽ፣ ይህ ወፍ ስሙ ማነው፣ ይህ ቅጠል ለምን ይሆናል ትይኝ ነበር። በሬ ጠምጄም ቢሆን ሞፈሩን ይዤ ቆሜ ነግሬሻለሁ። አንድ ቀን ሥራ አለብኝ ብየሽ አውቃለሁ?»

«አያውቁም» አልሁ።

እጄን ለቀቁኝ፤ ሚኒባሱም ተንቀሳቀሰ።