የክሬተሩ ጉድጓድና የዐሊያ ሰማያዊ ክር

ዐሊያ ደሴ ውስጥ የመጠጥ ውሃ የምትመረምር ኬሚስት ነበረች። የባሏ የከማሉዲን አባት የመናዊ ስለነበሩ፣ ሁለቱ የመኖች ሲዋሃዱ ባልና ሚስቱ ኤደን ገቡ። እዚያ ዲግሪዋን የሚቀበል መሥሪያ ቤት አላገኘችም። አንድ ዓመት ቤት ከዋለች በኋላ ክሬተር በሚባለው የከተማዋ ሰፈር ከባሏ እኅት ከላይላ ጋር ጨርቅ ማቅለም ጀመረች። የኤደን ሴቶች በሚለብሱት ስስና ሰፊ ቀሚስ ላይ ራሷ የነደፈችውን የዓሣ ቅርፊትና የማዕበል ቅርጽ ታትም ነበር። ሙያውንም ለሰፈሩ ልጃገረዶች በነፃ ታስተምራለች።

በአራተኛው ዓመት ጦርነት መጣ። ከተማዋ ተከበበች፤ የቧንቧ ውሃ ተቋረጠ። በዚያ የሰኔ ሐሩር ሰው ሁሉ ጀሪካኑን ይዞ መስጊዱ አጠገብ ወዳለው አሮጌ ጉድጓድ ወረደ። በሳምንቱ ሕፃናት በተቅማጥ ይወድቁ ጀመር። የላይላ ልጅ የትንሿ ሃዲልም ዓይን ጎደጎደ። ውሃ ለማፍላት ደግሞ ጋዝ አልነበረም።

ዐሊያ ጨርቅ የምታነጣበት የክሎሪን ዱቄት ነበራት። ችግሩ፣ ጣሳው ከተከፈተ ቆይቷል፤ ኃይሉ ምን ያህል እንደቀረ አይታወቅም። መጠኑ ካነሰ ጀርሙን አይገድልም፤ ከበዛ ሰው ይጎዳል።

የጉድጓዱ ጠባቂ ሙሂዲን ድሬዳዋ ያደጉ ሽማግሌ ነበሩ። አንድ ሳምንት በፍርሃት ካመነታች በኋላ ዱቄቱን ውሃው ውስጥ የመጨመር ሐሳቧን ስትነግራቸው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ ሐበሻዋ መርዝ ጨመረችብን ካሉ እኔ አላስጥልሽም።»

ከማሉዲንም ተይው ብሎ ለመናት። እሷ ግን በማግስቱ ጠዋት ጣሳዋን፣ ማንኪያዋንና ኒል በሚባለው ማቅለሚያ ያቀለመችውን ሰማያዊ ክር ይዛ በውሃ ቀጂዎቹ ሰልፍ ፊት ተቀመጠች። ዱቄቱን በጥብጣ ክሩን ነከረችበት።

«አዲስ ሳለ ይህን ክር በአምስት ደቂቃ ያነጣው ነበር» አለቻቸው። «አሁን ስንት እንደሚፈጅበት አብረን እንይ።»

አየር ማረፊያው ካለበት ከኮርመክሰር በኩል መድፍ ያጓራል። አንድ ሰው እየተሳደበ ጣሳዋን በእግሩ ሊገፋ ሲል ሙሂዲን ክንዱን ያዙት። ሰዓቱን የሚቆጥሩት እሳቸው ነበሩ። ክሩ የነጣው በአሥራ አምስተኛው ደቂቃ ነው። የዱቄቱ ኃይል ወደ ሲሶ ወርዷልና ዐሊያ ከተለመደው መጠን ሦስት እጥፍ ሰፈረች።

ሽማግሌው የፈቀዱላት አንድ በርሜል ብቻ ነበር። ከበርሜሉም የቀዳችው ላይላ ብቻ ናት። ዐሊያ ውሃውን ከስኳርና ከጨው ጋር እያዋሐደች ሃዲልን በማንኪያ ታጠጣት ነበር። ልጅቷ አንድ ነገር ብትሆን ላይላን በምን ዓይኗ ታያለች?

በሦስተኛው ቀን ሃዲል ዳቦ ጠየቀች። በዚያው ቀን ከጉድጓዱ ሲጠጡ ከነበሩ ቤቶች ሁለት ሕፃናት ተቀበሩ። ከቀብር መልስ ሰልፉ ወደ በርሜሉ ዞረ። ጦርነቱ እስኪያበቃ ልጃገረዶቿ በየጠዋቱ ተራ ገብተው ዱቄቱን ይሰፍሩ ነበር።

ኋላ ሙሂዲን የመስጊዱን መጋዘን ለማቅለሚያ ሰጧት። የሰፈሩ ሴቶችም ችግር ሲገጥማቸው መጀመሪያ የሚያማክሩት እሷን ሆነ። ዐሊያ ግን ስለዚያ ሰኔ ስትመሰገን ደስ አይላትም። «አንድ ሳምንት ፈርቼ ዝም ብያለሁ» ትላለች፤ የሁለቱን ሕፃናት ስምም ትጠራለች።