ሪማ እናቴን የቀረጸችበት ቀን

ልጅ ሳለሁ፣ ኦክላንድ፣ ከኛ በላይ ባለው ፎቅ አንዲት ዘፋኝ ትኖር ነበር። ሪማ ትባላለች፤ እኔ አንቲ ሪማ ነበር የምላት። ዘፋኝ መሆኗን የነገረችኝ ግን እሷ ሳትሆን እናቴ ናት። ቤቱን በተከራየን ሰሞን ምድር ቤት ካለው የልብስ ማጠቢያ ክፍል፣ እርጥብ አንሶላ እንደታቀፈች እየሮጠች መጣችና «አንቺ ልጅ፣ ማንን እንዳየሁ ብነግርሽ አታምኚም!» አለችኝ።

እናቴ እኔ ሳልወለድ ቤይሩት ሰው ቤት ተቀጥራ ስምንት ዓመት ሠርታለች። ያን ጊዜ ሪማ ከቴሌቪዥን አትጠፋም ነበር። ፎቶዋ የሽቶ ማስታወቂያ ላይ፣ የታክሲ መስኮት ላይ፣ የየሱቁ በር ላይ ነበር። ሠላሳ ዓመት ሳይሞላት ጉሮሮዋን ታመመችና ኦፕራሲዮን ሆነች፤ ድምፅዋ ሲመለስ እንደ ድሮው ከፍ ማለት አልቻለም። እሷም ከካሜራው ፊት ወደ ካሜራው ጀርባ ሄደች። የሌሎች ዘፋኞችን ክሊፕ ዳይሬክት እያደረገች በዚያም ስም አወጣች። ሥራው ሲቀዘቅዝ ወንድሟን ተከትላ አሜሪካ መጣች። እኛ ስናውቃት የዓረቦችን ሠርግ እየቀረጸች ነበር የምትኖረው።

እናቴ በርክሌ አንድ ሆስፒታል ውስጥ ጽዳት ትሠራ ስለነበር ከትምህርት ቤት ስመለስ ሪማ ጋ ነበር የምቆየው። የኔ ዘመን ልጆች ታስታውሱት ይሆናል፤ ስልክ ገና ልጆች እጅ አልገባም፤ ሰው ቤት ከተቀመጥን የሰውየውን ሥራ ማየት ነበር ጨዋታችን። ቤቷ ሲጋራና የብርቱካን አበባ ውሃ ይሸታል። ሶፋዋ ላይ ሆምወርኬን ዘርግቼ የሙሽሮችን ቪዲዮ ስትቆርጥና ስትቀጥል አያለሁ። አንዷን ሙሽራ ስክሪኑ ላይ መላልሳ ታስቃትና «እዪ፣ እዚህ ጋ ነው እውነተኛው ሳቅ» ትለኛለች በዚያ በጎረነነ እንግሊዝኛዋ።

አራተኛ ክፍል እያለሁ ሪማ ከስንት ዓመት በኋላ አዲስ ዘፈን ሠራች። ክሊፑንም ራሷ፣ እዚያው ቤቷ ልትቀርጸው ነው። ታሪኩ፣ ፍቅረኛዋ ጥሏት የሄደ እመቤት ስታለቅስ ሠራተኛዋ በትሪ ውሃ ይዛላት ትገባለች። እናቴን ሠራተኛዋን ሆና እንድትሠራላት ጠየቀቻት። ነጭ ሽርጥ ሳይቀር ገዝታላት ነበር።

እናቴ ሽርጡን ተቀብላ አየችው፤ አጣጥፋም ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። የተነጋገሩት በዓረብኛ ስለነበር ምን እንደተባባሉ የሰማሁት በኋላ ነው።

«ሪማ፣ ስምንት ዓመት ሙሉ ውሃ አቅርቤያለሁ። ለካሜራ ብዬ አልደግመውም» አለቻት።

«ትወና እኮ ነው! ምን አካበድሽው?» ጮኸች ሪማ። እናቴ እጄን ይዛኝ ወረደች።

ሦስት ሳምንት ተዘጋጉ። እናቴ ሺፍቷን ለማስቀየር ሱፐርቫይዘሯን ለመነች፤ እስኪቀየርላት እኔ የምታጸዳበት ፎቅ ኮሪደር ላይ ተቀምጬ እጠብቃት ጀመር። አንድ ቀን መረረኝ። «ኢትስ ጀስት አ ቪዲዮ፣ ማሚ!» አልኳት። መወልወያዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ አጠገቤ ተቀመጠች። የቤይሩቱን ቤት የነገረችኝ ያን ቀን ነው። ማዳሟ ስትወጣ በሩን ከውጭ ትቆልፍባት ነበር። እናቴ ልብስ ልትተኩስ ስትቀመጥ ቴሌቪዥኑን ትከፍታለች፤ ሪማ ትመጣለች።

«ቋንቋውን ከሷ ዘፈን ነው የተማርኩት» አለችኝ። «ቀኑን ሙሉ የማወራው ከሷ ጋር ነበር። ይኸው፣ እሷ ደግሞ ሽርጥ ገዛችልኝ።»

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ እናቴን ሳላስፈቅድ ወደ ላይ ወጣሁና የሰማሁትን ሁሉ ለሪማ ነገርኳት። በሩን እንደያዘች ሰምታኝ ዘጋችው። ጉድ አመጣሁ ብዬ ስፈራ አደርኩ። በማግስቱ ከሰዓት በራችን ተንኳኳ። ሪማ ናት፤ ኩል የለ፣ ጌጥ የለ። «ዘነበች» አለቻት፣ በእናቴ በራሷ ስም። እስከዚያ ቀን የምትጠራት፣ ቤይሩት ባወጡላት ስም «ዜና» እያለች ነበር።

ታረቁ። ቀረጻው ላይ የሠራተኛዋ ታሪክ ቀርቶ እናቴ የራሷን ቀሚስ ለብሳ መስኮት ዳር ተቀመጠች። ዘፈኑ ተከፈተ።

«ምን ላድርግ?»

«ምንም። ዝም ብለሽ ስሚ።»

እናቴ ምንም አለማድረግ አልሆነላትም። የጠረጴዛውን ልብስ ታቃናለች፤ የሌለ ፍርፋሪ ትለቅማለች። ሪማ ካሜራውን አቁማ መጣችና የእናቴን ሁለት እጆች ይዛ ጭኗ ላይ አስቀመጠችላት። ዘፈኑ እንደገና ተጀመረ። መሀል ላይ ሲደርስ የእናቴ ትከሻ ቀስ ብሎ ወረደ። ዕንባዋ መጣ፤ አልጠረገችውም። ሪማም ከካሜራው ጀርባ ታለቅሳለች። እኔ ሁለቱን እያየሁ ምን እንደነካቸው ግራ ገባኝ።

ክሊፑ ሪማን ወደ ድሮ ዝናዋ አልመለሳትም። አንድ ጣቢያ ጥቂት ጊዜ አሳይቶ ተወው። ከዚያ ወዲያ አልዘፈነችም፤ ጉልበቷ እምቢ እስኪላት ሠርግ ቀርጻ ወንድሟ ወደሄደበት ስቴት ሄደች። ከእናቴ ጋር ግን ዛሬም በስልክ በዓረብኛ ይጯጯኻሉ።

እኔ አሁን ሳን ሆዜ እኖራለሁ፤ ፓሎ አልቶ ነርስ ነኝ። ዕድሜዬ እናቴ ያን ቀን የነበራት ነው። ያኔ ያለቀሰችው አዝና ይመስለኝ ነበር፤ ለዓመታትም ለሰው እንዲያ ብዬ ነው ያወራሁት። አሁን አሥራ ሁለት ሰዓት ቆሜ ውዬ ስመለስ፣ የቤታችን ፓርኪንግ ውስጥ የመኪናዬን ሞተር አጥፍቼ እቀመጣለሁ። ማንም ምንም የማይጠይቀኝ ያቺን ታህል ጊዜ ብቻ ነው። ዕንባዬ ይመጣል፤ ያዘንኩበት ነገር ግን የለም። ደክሞኝ ነው። እናቴም ደክሟት ነበር፤ ለሷ ግን አንድ ቀንም ቢሆን እጇን ይዞ የሚያሳርፋት ሰው ተገኝቶላት ነበር።

ስልኬ ይጠራል፤ ልጄ ናት። «ማሚ፣ ዌር አር ዩ?»

«መጣሁ፣ መጣሁ» እላታለሁ። ከመኪናው ግን አልወርድም።