ጅራት የሌለው እባብ

እዚህ ጀርመን፣ በዚንድሊንገን የቅዳሜ የአማርኛ ትምህርት የሚሰጥበት አዳራሽ ከእጃችን ሊወጣ ነበር። የአዳራሹ ኃላፊ ቁርጡን ነገረችን፤ ሦስቱ ማኅበሮቻችን እስከ ዓርብ እኩለ ቀን አንድ የጋራ ማመልከቻ ካላስገቡ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። አስተማሪዋ፣ ጡረታ የወጡ ነርስ፣ ልጆቹን ይዘው የሚገቡበት ጠፋቸው።

«አንቺ ትጽፊ ትስዪ የለ? እስቲ ልብ የሚነካ ነገር ሥሪላቸው» አሉኝ።

አንድ የአሜሪካ ሥዕል ትዝ አለኝ። አሜሪካ ገና አገር ሳትሆን፣ ቅኝ ግዛቶቹ ተኳርፈው ሳለ፣ አንድ አታሚ የተቆራረጠ እባብ በጋዜጣው ላይ አወጣ። በየቁራጩ የግዛት ስም፣ ከሥሩ «ተባበሩ ወይም ሙቱ»። በሰውየው እቀናለሁ። እኔ በአርባ ስንኝ ግጥም እህቴን እንኳ ከአልጋዋ ማስነሣት አልቻልኩም።

እባቡን በካርቶን ላይ ሣልኩት፣ ለሦስት ከፈልኩት፣ የማኅበሮቹን ስም ጻፍኩበት፣ ረቡዕ ስብሰባው ላይ ለጠፍኩት።

«ጅራቱ እኛ ነን?» አሉ የአንጋፋው ማኅበር ሊቀ መንበር፣ ጡረተኛ መሐንዲስ። «እኛ ማኅበር ስናቋቁም እናትሽ አላገባችም!»

«ጋሼ፣ ሥዕል ነው እኮ። አንዱ መጨረሻ መሆኑ አይቀርም።»

«ይቅር!»

ፍሉግሃፈን፣ አውሮፕላን ማረፊያው፣ ሻንጣ የሚጭነው ሁለተኛው ሊቀ መንበር «አባል የሚበዛው እኛ ጋ ነው፤ የእባቡ ራስ የኛ ነው» አለ። የጴንጤዎቹ ሰብሳቢ ደግሞ «በመጀመሪያ እኛ እባብ ውስጥ አንገባም። ከገባን ግን መሃል አንሆንም» አለች።

ጅራቱን ቆርጬ ጣልኩና ሁለት ራስ ጨመርኩ። ተጨበጨበ። አስተማሪዋ ብቻ «በምኑ ሊሄድ ነው?» ብለው በጆሮዬ ጠየቁኝ።

ማመልከቻው ላይ ለፈራሚ የተተወው አንድ መስመር ነው። ሦስቱም እዚያችው ላይ ተደራርበው ፈረሙ፤ ማኅተሞቻቸውንም ደራረቡበት።

ዓርብ ጠዋት ቴርሚናችን፣ ቀጠሯችን፣ ደረሰ። ኃላፊዋ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አንሥታ አየችው። «የአንድ ሰው ስም፣ እባካችሁ» አለች። አስተማሪዋ ለሦስቱም ደወሉ። ሦስቱም «ሌሎቹ ሁለቱ ይሰረዙ» አሉ።

አስተማሪዋ ስልኩን ዘጉና አዲስ ቅጽ ጠይቀው የራሳቸውን ስም ጻፉ። አዳራሹ ተረፈ።

በሳምንቱ ለአስተማሪዋ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሳቸው፤ «ያለ ሥልጣን በመፈረም»። ሦስቱ ሊቃነ መናብርት አንድ ላይ የጻፉት የመጀመሪያ ወረቀት ነው፤ እያንዳንዳቸውም የየራሳቸው የፊርማ መስመር ነበራቸው።

አስተማሪዋ ደብዳቤውን አባዝተው ለንባብ ልምምድ አደሉት። አንዲት ልጅ ፊደሎቹን እየለቀመች ግማሹ ላይ ደረሰችና ቀና ብላ በጀርመንኛ ጠየቀች፤ «ግን ምን አጥፍተው ነው?»

«በአማርኛ ጠይቂኝ» አሉ።